አስማታዊ ዕቃ ስንት ይበቃል? ለዲኤንዲ መሪዎችና ተጫዋቾች የተዘጋጀ መመሪያ

ዲኤንዲ (ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ) በሚባለው፣ ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ይዘው በዳይስ በሚጫወቱት የጠረጴዛ ጨዋታ፣ ለአምስተኛ ሌቭል (የእድገት ደረጃ) ተዋጊ ፍሌም ተንግ የተባለውን የሚንበለበል ሰይፍ መስጠት ለጨዋታው መሪ የአንድ ደቂቃ ውሳኔ ነው። መዘዙ ግን ዘመቻው፣ ማለትም ተከታታዩ ታሪክ፣ እስኪያልቅ ይከተለዋል። ስሌቱን እንየው። ጥንካሬው 18 የሆነ ተዋጊ በዚህ ሌቭል ዳይሱ ላይ 7 ደምሮ ይመታል፤ በዙር ሁለት ጊዜ ይሰነዝራል። ኤሲው፣ ማለትም የመከላከያ ቁጥሩ 15 የሆነ ጠላት ከገጠመው፣ ባለ 20 ገጹ ዳይስ 8 ወይም ከዚያ በላይ ሲወጣለት ያገኘዋል። ይህም 65 በመቶ ነው። ተራ ሎንግሶርድ (ረጅም ሰይፍ) በአንድ ምት በአማካይ 8.5 ጉዳት ስለሚያደርስ፣ ክሪቲካልን (ዳይሱ 20 ሲወጣ የሚጨመረውን ጉዳት) ሳንቆጥር የዙሩ ጉዳት 11 ያህል ይሆናል። ፍሌም ተንግ በእያንዳንዱ ምት ላይ የሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ እሳት ሲጨምርበት ያው ዙር ወደ 20 ይወጣል። አንድ ዕቃ ተዋጊውን ሁለት ሰው ሊያደርገው ምንም አልቀረውም። አጠገቡ የተቀመጠውና ባዶ እጁን የቀረው ተጫዋች ግን ባለበት ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ዕቃ ልስጥ ወይስ አልስጥ?» አይደለም። አስማታዊ ዕቃ ከዚህ ጨዋታ ትልልቅ ደስታዎች አንዱ ነው፤ ንፉግ መሪ ጠረጴዛውን ያደርቀዋል። ጥያቄው ገጸ ባሕርዩ በዕቃው ላይ ምን ያህል ተደግፎ ይቁም የሚለው ነው። እኛ የምንይዘው አቋም ግልጽ ነው፦ ዕቃ ገጸ ባሕርዩ ከዚህ በፊት ማድረግ የማይችለውን አዲስ ነገር ይስጠው፤ አስቀድሞ የሚችለውን ነገር ቁጥር እየቆለለ አያሳብጥለት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህንን በተግባር ለማዋል የሚረዳ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የያዛችሁት ጨዋታ ምን እንደሚጠብቅ እወቁ

በዚህ ጉዳይ የሚነሳ ክርክር ብዙ ጊዜ መቋጫ የሚያጣው፣ ተከራካሪዎቹ የተለያየ እትም ይዘው ስለሚነጋገሩ ነው። ዲኤንዲ ከ1974 ጀምሮ ብዙ ጊዜ ተከልሷል፤ በየእትሙም ዕቃ የተሰጠው ቦታ ይለያያል።

በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትምና የ2003 ክለሳው ዕቃን የገጸ ባሕርዩ አካል አድርገው ነበር የሚቆጥሩት። በየሌቭሉ ሊኖር የሚገባው ሀብት በሠንጠረዥ ተቀምጧል። በክለሳው መሠረት አምስተኛ ሌቭል ላይ 9,000፣ አሥረኛ ላይ 49,000፣ ሃያኛ ላይ 760,000 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣ ንብረት ይጠበቃል። ጭራቆቹ የተሰሉት ያ ሀብት መሣሪያ፣ ጥሩርና ቀለበት ሆኖ ገጸ ባሕርዩ ላይ እንደሚገኝ ታስቦ ነው። ዕቃውን የነፈገ መሪ፣ ሳያውቀው የጭራቆቹን ጉልበት ጨመረ ማለት ነው። ተጫዋቾችም ተመሳሳይ ዓይነት ቀለበት፣ ካባና ቀበቶ እየገዙ ከራስ እስከ እግራቸው ይለብሱ ነበር። ምርጫ መስሎ የሚታይ ግዴታ ስለነበረ ብዙዎችን አሰልችቷል።

ፓዝፋይንደር የተባለው ተመሳሳይ ጨዋታ በ2019 የወጣው ሁለተኛ እትምም ሩኖችን፣ ማለትም መሣሪያ ላይ የሚቀረጹ አስማታዊ ምልክቶችን፣ በስሌቱ ውስጥ ያስገባል። ሁለተኛ ሌቭል አካባቢ ለመምታት አንድ የሚጨምር ሩን ይጠበቃል፤ አራተኛ ላይ የጉዳቱ ዳይስ ሁለት፣ አሥራ ሁለተኛ ላይ ሦስት ይሆናል። አሥራ ሁለተኛ ሌቭል የደረሰ ሰው ተራ ሎንግሶርድ ይዞ ቢዋጋ የዳይሱ አማካይ 4.5 ነው፤ የሚጠበቅበት ግን 13.5። ፓዝፋይንደር እየተጫወታችሁ ዕቃ ማሳነስ ከፈለጋችሁ አትገምቱ። እነዚህን ጭማሪዎች ያለ ዕቃ በሌቭል ብቻ የሚሰጥ አማራጭ ሕግ ስላለ እሱን ተጠቀሙ።

በ2014 የወጣው የዲኤንዲ አምስተኛ እትም መንገዱን ቀየረ። የጠላት ኤሲ ከሌቭል ጋር እምብዛም እንዳይንር ተደርጎ ተሠራ። ትንሹ ጭራቅ ጎብሊን 15፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ቀይ ድራጎን 19፣ ጥንታዊው ቀይ ድራጎን 22 ነው። ሃያኛ ሌቭል የደረሰ ጥንካሬው 20 የሆነ ተዋጊ ያለ ምንም አስማት ዳይሱ ላይ 11 ይደምራል። ባለ 19ኙን ድራጎን 65 በመቶ፣ ጥንታዊውን 50 በመቶ ያገኘዋል። ሰይፉ ባለ 3 ጭማሪ ከሆነ ጥንታዊውንም 65 በመቶ ይመታል። ስለዚህ በዚህ እትም ዕቃ ትርፍ ነው፤ ትርፍነቱ ነው ለመሪው ነፃነት የሚሰጠው፣ ትርፍነቱ ነው ሚዛኑን በቀላሉ የሚያስተው። የቀረው መመሪያ ይህንን እትምና የ2024 ክለሳውን መሠረት ያደረገ ነው።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። በ2014ቱ ሕግ አንዳንድ ጭራቆች አስማት በሌለው መሣሪያ አይጎዱም፤ ዌርዎልፍን (ወደ ተኩላ የሚለወጠውን ሰው) ብር ያልተቀባ ተራ ሰይፍ ምንም አያደርገውም። ዕቃ የማይበዛበት ዓለም እየመራችሁ ይህን ጭራቅ ካወጣችሁ፣ ተዋጊው ማታውን ሙሉ ዜሮ ሲቆጥር ያመሻል። ከውጊያው በፊት ብር የሚቀባ አንጥረኛ አስገኙ፤ የአንድ መሣሪያ ዋጋ 100 ወርቅ ነው። ወይም ማጂክ ዌፐን የተባለው የሁለተኛ ደረጃ ድግምት ቡድኑ ውስጥ እንዳለ አረጋግጡ። በ2025 የወጣው የጭራቆች መጽሐፍ ይህን ዓይነቱን ጥበቃ አስቀርቶታል፤ ሁለቱን መጻሕፍት ቀላቅላችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ የጭራቁን ገጽ አስቀድማችሁ አንብቡ።

ዕቃውን በሥራው ለዩት

የሕጉ መጽሐፍ ዕቃን በብርቅነት፣ ከተለመደው ወደ ብርቁ፣ ይከፍላል፦ ኮመን፣ አንኮመን፣ ሬር፣ ቬሪ ሬር፣ ሌጀንደሪ። ይህ ለዋጋ ይጠቅማል፤ ለሚዛን ግን ብቻውን አይበቃም። ፍሌም ተንግ ሬር ነው፤ ሬር ዕቃ ደግሞ ከአምስተኛ ሌቭል ጀምሮ ይፈቀዳል። ያም ሆኖ መግቢያው ላይ ያየነውን አደረገ። በ2014ቱ ሕግ ብሩም ኦፍ ፍላይንግ፣ የሚበረው መጥረጊያ፣ አንኮመን ብቻ ነው፤ ከባለቤቱ ጋር መቆራኘትም አይጠይቅም። ግን በ50 ጫማ ፍጥነት የሚበር ቀስተኛ ቀስት በሌላቸው ጠላቶች የተሞላን ውጊያ ብቻውን ይጨርሳል። አጥሩ፣ ገደሉ፣ ወንዙ፣ ያዘጋጃችሁት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ስለዚህ ከብርቅነቱ በላይ ሥራውን ተመልከቱ። የመጀመሪያው ዓይነት ቁጥር ጨማሪ ነው፦ ባለ 1 ሰይፍ (ለመምታትም ለጉዳትም 1 የሚጨምር)፣ የመከላከያ ቀለበት፣ የመከላከያ ካባ። ሁለተኛው በር ከፋች ነው። ኢሙቨብል ሮድ ባለበት ቀጥ ብሎ የሚቆምና 8,000 ፓውንድ የሚሸከም ዘንግ ነው፤ በር ይዘጋል፣ መሰላል ይሆናል፣ የሚያሳድድ ፈረሰኛን ከኮርቻው ያወርዳል። ሰንዲንግ ስቶንስ የተባሉት ጥንድ ድንጋዮች በቀን አንዴ አጭር መልእክት ሩቅ አገር ያደርሳሉ። ውኃ የማያልቅበት ማሰሮ፣ ብዙ የሚይዝ ከረጢት፣ ሲታዘዝ የሚወጣ ገመድም የዚህ ወገን ናቸው። የትኛውም የጉዳት ቁጥር አይጨምሩም፤ ተጫዋቹን ግን ያሳስባሉ። ሦስተኛው ፍጆታ ነው፦ የሚጠጣ መድኃኒት፣ አንዴ ተነብቦ የሚጠፋ ጥቅልል።

እጃችሁን ሳትሰስቱ የምትዘረጉት ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ነው። የመጀመሪያውን ቆጥባችሁ ስጡ። በር ከፋቾች ሲበዙ የሚጎዳችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተጫዋቾቹ የያዙትን መርሳት ይጀምራሉ። ለአንድ ሰው ከሦስት አታሳልፉ። መብረር፣ ግድግዳ አልፎ መሄድና ሐሳብ ማንበብ ግን ከሌሎቹ በር ከፋቾች ለይታችሁ ያዟቸው። አንድን እንቅፋት ሳይሆን አንድን የእንቅፋት ዓይነት በሙሉ ከጨዋታው ያወጣሉ። እነዚህን መጀመሪያ በፍጆታ መልክ አቅርቡ፤ የሚያበር መድኃኒት ሰጥታችሁ ጠረጴዛው እንዴት እንደሚሆን እዩ።

ልኩ

ከሜዳ ተነስቶ ከመገመት መነሻ ቁጥር መያዝ ይሻላል። በ2017 የወጣ ተጨማሪ የሕግ መጽሐፍ አንድ ቡድን ከአንደኛ እስከ ሃያኛ ሌቭል በጠቅላላው ወደ 100 አስማታዊ ዕቃ እንደሚያገኝ ያስቀምጣል። 80ዎቹ ጥቃቅን ናቸው፤ አብዛኞቹም ፍጆታ። ዋና የሚባሉት 20 ብቻ ናቸው። አራት ተጫዋች ቢኖር ለእያንዳንዱ በዘመቻው ሁሉ አምስት ዋና ዕቃ ይደርሰዋል። ስርጭቱ ይበልጥ ያስተምራል፦ እስከ አራተኛ ሌቭል 9 ጥቃቅንና 2 ዋና፤ ከአምስተኛ እስከ አሥረኛ 28 ጥቃቅንና 6 ዋና፤ ከዚያ እስከ አሥራ ስድስተኛ 24 እና 6፤ ከአሥራ ሰባተኛ እስከ ሃያኛ 19 እና 6።

ልብ በሉ፤ እስከ አራተኛ ሌቭል ድረስ ለመላው ቡድን የተመደበው ዋና ዕቃ ሁለት ብቻ ነው። አዲስ መሪዎች በሦስተኛው ማታ ለአራቱም ባለ 1 መሣሪያ ሲያድሉ እናያለን። ለጋስነቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ዳሩ ግን የስምንተኛ ሌቭልን ደስታ ቀድመው በሉት፤ ከዚያ በኋላ የሚያስደስት ነገር ለማግኘት ባለ 2፣ ባለ 3 እያሉ መሮጥ ይኖርባቸዋል።

ይህን ቁጥር ወደ ራሳችሁ ጠረጴዛ እንዲህ አምጡት። ዘመቻው ከመጀመሩ በፊት በሚደረገው የመሰናዶ ስብሰባ ላይ የዓለሙን ልክ ለተጫዋቾች ንገሯቸው፦ «ዕቃ ብርቅ ነው»፣ «እንደ መጽሐፉ ነው» ወይም «ገበያ የሞላ ነው»። ብርቅ ካላችሁ ዋናዎቹን በግማሽ ቀንሱ፤ ጥቃቅኖቹን አትንኩ። ገበያ የሞላ ካላችሁ የ2024ቱን ዋጋ ያዙ፦ ኮመን 100፣ አንኮመን 400፣ ሬር 4,000፣ ቬሪ ሬር 40,000፣ ሌጀንደሪ 200,000 ወርቅ፤ ከጥቅልል በቀር ፍጆታ ከሆነ ግማሹ። ሱቅ ስትከፍቱ ግን ዕቃው ሁሉ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥ። በአንድ ከተማ ከሦስት እስከ አምስት ዕቃ፣ ከቁጥር ጨማሪ ደግሞ ከአንድ በላይ አይኑር።

ቀጥሎ በአንድ ወረቀት ላይ በግራ የተጫዋቾቹን ስም፣ ከላይ ሌቭሉን ጻፉ። ዋና ዕቃ በሰጣችሁ ቁጥር ምልክት አድርጉ። ሁለት ምልክት ያለው ሰው ዜሮ ካለው ጋር አንድ ወረቀት ላይ ሲታያችሁ የሚቀጥለው ዕቃ የማን እንደሆነ ታወቀ። ይህ ወረቀት ቀላል ይመስላል፤ ግን በዕጣ ሠንጠረዥ የሚያድሉ መሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ዳይሱ ማን እንደተረሳ አያውቅም፤ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከባድ ጥሩር ቢያወጣ ሦስቱም ያው ፓላዲን (ከባድ ጥሩር የሚለብስ ቅዱስ ተዋጊ) ላይ ያርፋሉ።

የባዶ እጅ ፈተና

አንድ ገጸ ባሕርይ በዕቃ ላይ ከልክ በላይ መደገፉን የምታውቁት በስሜት ሳይሆን በሒሳብ ነው። የገጸ ባሕርዩን ወረቀት ቅዱ፤ አስማታዊውን ሁሉ በእርሳስ ሰርዙ፤ ሦስት ነገር እንደገና አስሉ፦ በዙር የሚያደርሰውን ጉዳት፣ ኤሲውንና ዋና ችሎታውን። በእኛ ልምድ ከጉዳቱ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ከወደቀ ወይም ኤሲው ከ3 በላይ ከቀነሰ፣ የሚዋጋው ሰውዬው ሳይሆን ዕቃው ነው። ባለ 1 ሰይፍ ይህን ፈተና ያልፋል፤ ከላይ ባየነው ተዋጊ ላይ የዙሩን ጉዳት ከ11 ወደ 13.3 ብቻ ነው የሚያወጣው። ፍሌም ተንግ ይወድቃል።

ኤሲ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም እዚያ አንድ ነጥብ ሁልጊዜ አንድ ነጥብ አይደለም። ፕሌት (ሙሉ የብረት) ጥሩርና ጋሻ ለአንድ ፓላዲን ኤሲ 20 ይሰጡታል። ዳይሱ ላይ 6 የሚደምር ኦገር (ግዙፍ ጭራቅ) ይህን ሰው 35 በመቶ ያገኘዋል። ጥሩሩ ባለ 1፣ ጋሻው ባለ 1 ቢሆን፣ የመከላከያ ካባና ቀለበት ቢጨመሩበት ኤሲው 24 ይሆናል። እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ አንድ ብቻ ነው የሚጨምረው። አሁን ግን ኦገሩ የሚያገኘው 15 በመቶ ነው። የሚያርፍበት ዱላ ከግማሽ በታች ወረደ።

መሪው ምን ያደርጋል? «ጭራቆቼ ደከሙ» ብሎ ለሁሉም የመምታት ቁጥራቸው ላይ 4 ይጨምራል። ፓላዲኑ ወደ 35 በመቶ ተመለሰ። ኤሲዋ 15 የሆነችው ዊዛርድ (ድግምተኛዋ) ግን ቀድሞ 60 በመቶ ትመታ ነበር፤ አሁን 80 በመቶ ሆነባት። ጥሩሩን የለበሰው ሌላ፣ የሚደበደበው ሌላ። በዕቃ ምክንያት የሚፈርሱ ዘመቻዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርሱት በዚህ መንገድ ነው። ተጫዋቿ ለምን ሁልጊዜ እሷ እንደምትወድቅ አታውቅም፤ መሪውም ቁጥሩን ማሳደጉን አይናገርም።

የችሎታ ቁጥርን የሚተካ ዕቃ

ይህ ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል። ጎንትለትስ ኦፍ ኦገር ፓወር የተባለው የእጅ ጓንት የባለቤቱን ጥንካሬ 19 ያደርገዋል። የሚጨምረው ሳይሆን የሚተካው ስለሆነ፣ ጥንካሬው 16 ለሆነ ተዋጊ ዳይሱ ላይ አንድ ነጥብ ብቻ ሲጨምርለት ጥንካሬው 8 ለሆነ ባርድ (ድግምት ለሚያውቅ አዝማሪ) ግን አምስት ነጥብ ይጨምርለታል። ባርዱ ነጥቦቹን በሙሉ ለካሪዝማ (ግርማ ሞገስ) እና ለዴክስተሪቲ (ቅልጥፍና) አውሎ ሲያበቃ ጥንካሬውን በነፃ አገኘ። ተዋጊው ለዓመት ያህል የገነባው ነገር በአንድ ማታ ሲታደል አየ። የሚያስከፋው ይህ ነው፤ ቅሬታውም ተገቢ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ዕቃ ከሰጣችሁ ችሎታው ዋና ሥራው ላልሆነና በውጊያ ለማይጠቀምበት ሰው ስጡ፤ ወይም «ጥንካሬህን በ2 ይጨምራል፣ ከ20 አያልፍም» ብላችሁ ቀይሩት። የግዙፋኑ ቀበቶዎች ደግሞ ከ21 ተነስተው 29 ይደርሳሉ። ከ25 በላይ ያሉትን ከአሥራ ሰባተኛ ሌቭል በፊት አታውጧቸው፤ ችሎታ 20 ላይ እንዲቆም የተደረገበትን ወሰን የሚሰብሩ ናቸው።

ተጫዋቾችም አንድ ነገር ያዙ፦ ገና ያላገኛችሁትን ጓንት ተስፋ አድርጋችሁ ጥንካሬን 8 ላይ አትተዉ። የሰው ወርቅ አያደምቅም እንደሚባለው፣ ያልተሰጣችሁ ዕቃ ላይ የተሠራ ገጸ ባሕርይ መሪው ዕቃውን እስኪያወጣ የማይሠራ ገጸ ባሕርይ ነው። መሪውንም ሳትናገሩ ባለዕዳ ታደርጉታላችሁ።

ፍጆታው ለምን ቦርሳ ውስጥ ያረጃል?

ጥቃቅን ዕቃዎችን አትስሱ ብለናል፤ ግን የማይጠጣ መድኃኒት እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ተጫዋቾች የሚያከማቹት «ለከፋው ቀን» ነው፤ የከፋው ቀን ሲመጣ ደግሞ ወረቀታቸው ላይ መጻፉን ረስተውታል። የሚሠራው መፍትሔ ሦስት ነው። እያንዳንዱን ፍጆታ በትንሽ ካርድ ጽፋችሁ በእጃቸው አስይዙ፤ ሲጠቀሙ ካርዱን ይመልሱ። ሁለተኛ፣ ለአንዳንዱ ጊዜ ገደብ ስጡት፦ «ይህ መድኃኒት ሙሉ ጨረቃ ካለፈች ይበላሻል»። ሦስተኛ፣ በውጊያ መሐል መጠቀምን ቀላል አድርጉት። በ2014ቱ ሕግ የፈውስ መድኃኒት መጠጣት ሙሉ አክሽን፣ ማለትም የተራውን ዋና ድርጊት፣ ይወስዳል፤ የሚመልሰው በአማካይ 7 የሕይወት ነጥብ ብቻ ስለሆነ ተራን ማባከን ይመስላል። የ2024ቱ ወደ ቦነስ አክሽን፣ ማለትም ከዋናው ጋር ወደሚደረግ ተጨማሪ ድርጊት፣ አውርዶታል። አሮጌውን የምትጫወቱም ይህን አንድ ለውጥ ውሰዱ።

ቻርጅ (የተወሰነ የአጠቃቀም ብዛት) ያላቸው ዕቃዎች ላይ የሚበላሸው ሌላ ነው። ዋንድ ኦፍ ማጂክ ሚሳይልስ የተባለው የአስማት ዘንግ 7 ቻርጅ አለው፤ በአንዱ ሦስት የማይስቱ ቀስቶች ይተኩሳል፤ በአማካይ 10.5 ጉዳት። ጎሕ ሲቀድ ከ2 እስከ 7 ቻርጅ ይመለስለታል። ይህ ሚዛን የተሠራው በሁለት የሌሊት ዕረፍት መካከል ብዙ ውጊያ እንዳለ ታስቦ ነው። እናንተ በቀን አንድ ትልቅ ውጊያ ብቻ የምታካሂዱ ከሆነ ባለቤቱ በየዙሩ ሳይሰስት ይተኩሳል። ያኔ መልሶ መሙላቱን «በየሳምንቱ» አድርጉት፤ ወይም እስከነጭራሹ የማይሞላ፣ ግን 15 ቻርጅ ያለው አድርጋችሁ ስጡ። ሁለተኛው ይሻላል፤ እያንዳንዱ ተኩስ ውሳኔ ይሆናል።

አብዝታችሁ ከሰጣችሁ እንዴት ታስተካክላላችሁ?

በቅድሚያ የማይደረገውን እንናገር። ሌባ ልካችሁ አታሰርቁ፤ ሲተኙ ዕቃው «ጠፋ» አትበሉ። ተጫዋቹ የመሪውን እጅ ወዲያው ያያል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ሽልማት በጥርጣሬ ይቀበላል፤ ዕቃውንም ሲተኛ ከእጁ አይለይም። የጠላትን ኤሲና የመምታት ቁጥር ማሳደግም ባየነው ምክንያት አይሆንም።

የሚሻለው ከጨዋታው ወጥቶ በሰው ቋንቋ መነጋገር ነው። «ይህን ሰይፍ ስሰጥህ አልተመዘነልኝም፤ ሌሎቹ እየተጋረዱ ነው። የእሳቱን ዳይስ ከሁለት ወደ አንድ አውርጄ፣ በምትኩ በቀን አንዴ እሳት የማይነካው ሰው የሚሆንበትን ኃይል ልጨምርበት?» ከላይ ባለው ስሌት አንድ ዳይስ የዙሩን ጉዳት ከ20 ወደ 15.6 ያወርደዋል፤ አዲሱ ኃይል ደግሞ በር ከፋች ነው። ተጫዋቹ ቀነሰብኝ አይልም፤ ተለወጠልኝ ይላል። አብዛኞቹ በዚህ ይስማማሉ፤ በጓደኛ ላይ መጋረጃ መሆንን እነሱም አይወዱትም።

ኤሲው ሰማይ የነካ ሰው ካለ ጠላት በሌላ መንገድ ይምጣበት። በሴቭ (ተጠቂው ራሱ ዳይስ ጥሎ በሚከላከልበት) የሚሠሩ ጥቃቶች፣ ብዙ ድግምቶች፣ የድራጎን ትንፋሽ፣ ይዞ መጣል፣ ኤሲን አይመለከቱም። ከሦስት ጠላት አንዱ እንዲህ ያለ ይሁን፤ ሦስቱም ከሆኑ ግን ጥሩሩን ሰጥታችሁ መልሳችሁ እንደመንጠቅ ነው። ጥሩር የለበሰው ሰው በአብዛኛው ውጊያ የማይደፈር ምሽግ መሆኑን ይቅመስ፤ አንዳንዴም ይበርግግ።

ሌላው መንገድ ቦታ ማጣበብ ነው። ብዙ ኃያል ዕቃዎች አቱንመንት የሚባለውን ማቆራኘት ይጠይቃሉ፤ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከሦስት በላይ ማቆራኘት አይችልም፤ ለመቀየር አጭር ዕረፍት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሦስቱ በቁጥር ጨማሪ የተያዙበት ሰው ፊት የሚማርክ በር ከፋች አስቀምጡለት። አንዱን አውልቆ ለጓደኛው ይሰጣል፤ ዕቃው በራሱ ተከፋፈለ። የሚበረው መጥረጊያ ወይም ሌላ ማቆራኘት የማይጠይቅ ጠንካራ ዕቃ ከበዛባችሁ «በዚህ ዘመቻ ይጠይቃል» ብላችሁ አውጁ፤ ትንሽ ሕግ ናት፤ ብዙ ታቃልላለች።

ገና ያልሰጣችሁ ከሆነ ከሁሉ የተሻለው አብሮ የሚያድግ ዕቃ ነው። አንድ ሰይፍ በሦስተኛ ሌቭል ጠላት ሲቀርብ የሚያበራ ብቻ ይሁን። በአምስተኛ አንድ ዳይስ እሳት፣ በዘጠነኛ ሁለተኛውን፣ በአሥራ ሦስተኛ የራሱን ንግግር ያግኝ። እድገቱን ግን በሌቭል ብቻ አታስሩት፤ ባለቤቱ ከሚሠራው ሥራ ጋር አያይዙት፦ የቀድሞ ባለቤቱን መቃብር ሲያገኝ፣ የገባውን ቃል ሲፈጽም። በዚህ መንገድ አንድ ሰው በዘመቻው ሁሉ አንድ ሰይፍ ይዞ ይኖራል፤ በየሦስት ሌቭሉ አሮጌውን መሸጥ ይቀራል፤ የምልክት ወረቀታችሁ ላይም በአራት ዋና ዕቃ ፋንታ አንድ ምልክት ብቻ ይቀመጣል።

ዴክ ኦፍ ሜኒ ቲንግስ ስለተባለው አስማታዊ የካርታ ጥቅል አጭር ቃል፦ ካርዶቹ በአንድ መሳብ ሌቭልን፣ ሀብትን ወይም ነፍስን ይለውጣሉ። ዘመቻው ሊያልቅ ሁለት ማታ ሲቀረው ካልሆነ አታውጡት።

ድግምት የማይሠራበት ክፍል

ከአሥረኛ ሌቭል በላይ ከደረሳችሁ ተጫዋቾቻችሁ የባዶ እጅ ፈተናውን በጨዋታው ውስጥ አንድ ጊዜ ቢቀምሱት መልካም ነው። ቢሆልደር የተባለው ባለ ብዙ ዓይን ጭራቅ በመሐል ዓይኑ 150 ጫማ ርዝመት ባለው ሾጣጣ ቦታ ውስጥ ማንኛውንም አስማት ያደነዝዛል፤ ሰይፉም ካባውም ለጊዜው ተራ ብረትና ጨርቅ ይሆናሉ። ጓንት ለብሶ ጥንካሬው 19 የነበረው ባርድ እዚያ ውስጥ 8 ነው፤ ለመምታት የሚደምረው በ5 ይወርዳል፤ ከዳይሱ አንጻር 25 በመቶ አጣ።

ይህ ቅጣት ሳይሆን እንቆቅልሽ እንዲሆን ማስጠንቀቂያው ይቅደም። ከአንድ ማታ በፊት ከዋሻው የተረፈ ሰው «መብራቴ ዓይኑ ሲያየኝ ጠፋ፣ ሲዞር በራ» ብሎ ይንገራቸው። ሾጣጣው ወዴት እንደሚመለከት ጭራቁ በየተራው መጀመሪያ ስለሚወስን፣ ካርታው ላይ በክር ወይም በተቆረጠ ወረቀት አሳዩት፤ ተጫዋቾች ወጥተው የሚገቡበት መስመር በዓይናቸው መታየት አለበት። ቢሆልደሩ ራሱም ከሾጣጣው ውስጥ ላሉት የዓይን ጨረሮቹን መጠቀም እንደማይችል አትርሱ፤ ጨረሮቹም አስማት ስለሆኑ እዚያው ይደነዝዛሉ። ስለዚህ ሾጣጣው ውስጥ የገባ ሰው ዕቃውን ቢያጣም ከጨረሩ ተጠልሏል። በዕቃው ብቻ የቆመው ገጸ ባሕርይ ከሾጣጣው ይሸሻል፤ በራሱ ክንድ የሚተማመነው ደግሞ ሆን ብሎ ይገባበታል።